የረቡዕና የዓርብ እንክብል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2007። ጠዋት 1 ሰዓት።

አራተኛው እንክብል አልከፈት ብሎኝ በጥርሴ ከፈትኩት። ምላሴ እስካሁን መራራ ነው። ዱቄቱ ወደ ጆግ፣ ጆጉ ወደ ባልዲ፣ በእንጨት ማማሰል። ውሃው ቢጫ ሲል በቃ። ዶሮዎቼ መጠጫው ላይ ተረባርበዋል። ረቡዕ ነው፣ የመድኃኒት ቀናቸው።

አጀንዳዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሌላ ሰው ግን ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። የሴቶችን የዶሮ እርባታ የምትከታተለው ወ/ሮ ዘነበች ትናንት ከጽ/ቤት ደወለች። ኅዳር 3 ከዋጫና ከሺሺንዳ ሴቶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ። ወደ እኔ ግቢ። ሞዴል ነኝ። ዶሮ እንዴት እንደማይሞትብኝ ቆሜ ልናገር ነው። እኔ፣ የመዝገብ ቤቷ አስቴር፣ ከፋይልና ከአቧራ ሌላ ማንም የማያዳምጠኝ።

ምን እላለሁ? የሆነውን። የመጀመሪያዎቹን የፈረንጅ ዶሮዎች ያመጣሁ ጊዜ ተቅማጥ ገባባቸው። በየማለዳው ሁለት ሦስት ሬሳ። ለጉሮሮዬ ተገዝቶ የተረፈ ቴትራሳይክሊን ነበረኝ፤ ከፍቼ ውሃቸው ውስጥ ጨመርኩት። ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ቢታመሙም ባይታመሙም በሳምንት ሁለት ቀን። ረቡዕና ዓርብ ያደረግኩት በጾም ቀን እንቁላል የሚጠይቀኝ ስለሌለ ነው። ፋታ አለኝ፤ ቀኑም አይረሳም። ሰው ይጾማል፣ ዶሮዎቼ መድኃኒት ይጠጣሉ። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ለሴቶቹ አስተማርኳቸው። እየተቀባበሉት ሺሺንዳ ደርሶ «የአስቴር ጾም» ተብሏል አሉ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

እማዬ ፎጣ ተከናንባ በጓሮ በር ቆማ ታየኛለች። ብርድ ብርድ ይለኛል አለች። ጥቅምት ነው፤ ቦንጋ ነው፤ ማን የማይበርደው አለ። ወደ መ/ቤት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሥራ መልስ።

ብርዱ ትኩሳት ሆነ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የሽንት ሕመም ነው አሉ። የሰባት ቀን እንክብል ሰጧት። ወገቧን ይዛ ነው የምትራመደው። እማዬ ሲያማት ዝም ትላለች፤ ስትድን ነው የምትነጫነጨው።

ባጃጁ ሲያንገጫግጨን የሺሺንዳ ገበያ መንገድ ትዝ አለኝ። ያኔ በእግራችን ነበር። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እሷ ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስራ አንጠልጥላለች፤ አንዷ ገብስማ ናት፣ እኔ ከጫጩትነቷ ያሳደግኳት። አትሽጫት እያልኩ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሸጠቻት። ሸንኮራ ገዛችልኝ። እያለቀስኩ በላሁት። የዚያን ሸንኮራ ያህል የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የሚገርመው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ያረባች ሴት ዶሮ በልታ አታውቅም። እንቁላልም። በድሮ ካፋ ሴት ዶሮ አትበላም ነበር፤ ነውር ነው። ታረባለች፣ ትሸጣለች፣ ለእንግዳና ለባሏ ታቀርባለች፣ አትቀምስም። እኔ ቦንጋ ለትምህርት መጥቼ በጓደኛዬ ቤት በፋሲካ በላሁ። ስነግራት ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አሁንም እኔ በዓል ሲመጣ ዶሮዬን ስበላ እሷ ጎመኗን በቆጮ። ድስታችን እንኳን ለየብቻ ነው።

ለዶሮዎቹ ሰጥቻለሁ። ልረሳው ነበር። ቀኑ ነው ያስታወሰኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

አምስተኛ ቀኗ ነው፣ እንክብሉን ትውጣለች፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ትናንት ቆጮ እንኳን ሳትበላ መለሰች። ፊቷ አነሰብኝ።

የዶሮው ቤት ሸተተኝ። ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ ረጥቧል፤ ኩሱ ተከምሯል። አምስት ቀን አልተጠረገማ። አባዬ ሞቶ እሷን ወደ ከተማ ሳመጣት፣ እረፊ፣ ተቀመጪ ብያት ነበር። ሦስት ቀን ተቀመጠች። በአራተኛው መጥረጊያ አንስታ ዶሮዎቹ ጋ ገባች። እኔ ከመ/ቤት ስመለስ ሁሌም ተጠርጎ ነው የማገኘው። ኩሱን በጆንያ ወስዳ ጎመኗ ሥር ትቀብራለች። የአስቴር ዶሮዎች ከዚህ ሌላ ምን ጥቅም አላቸው ትላለች። ጎመኑ ደግሞ የጉድ ነው፤ ቅጠሉ ሕፃን ይጠቀልላል።

እህል ከመዳፏ ነው የምታበላቸው። የፈረንጅ ዶሮ በመዳፍ አይበላም ብያት ነበር። በሳምንቱ አስለመደቻቸው።

ጨንቆኝ የዶሮዎቹን የመድኃኒት ቆርቆሮ ከፍቼ ቴትራ ሰጠኋት። የሰው መድኃኒት ነው፣ ምን ችግር አለው። አየችው፤ አወቀችው። ይሄ የዶሮዎችሽ አይደለም ወይ አለች በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ። ነው አልኳት። ዶሮዎችሽ የተረፋቸውን ነው የምትሰጪኝ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ወገቧን ያዘች። ዋጠችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከሰዓት በኋላ፣ ሆ/ል።

ማለዳ ራሷን ሳተች። ጎረቤቶች ተሸክመው ባጃጅ ላይ አወጡልኝ። አልጋ ተሰጣት። ግሉኮስ ክንዷ ላይ ተሰክቷል፤ ክንዷ ቀጭን፣ ፕላስተሩ ሁለት ጊዜ ዞሮባታል። ሌላ መድኃኒት በመርፌ ጀምረዋል።

ፈቃዱን አገኘሁት። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ልጅ እያለ እናቱ እንቁላል እንዲገዛ ወደ እኔ ትልከው ነበር። ሽንቷን ወደ ጅማ ለካልቸር እልካለሁ አለ። ጀርሙን አሳድገው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ያዩታል። ቀናት ይፈጃል። ስንት ቀን አልኩት። እሱን እንጃ ብሎ የብልቃጡን ክዳን አጠበቀ። አነጋገሩን አልወደድኩትም።

እዚህ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፣ አጀንዳዬ። እማዬ በእንቅልፏ ኩር ኩር ትላለች። ለዶሮ ጥሪ ነው። በልጅነቴ ቤታችን ሲመሽ በደጁ ቆማ እንደዚህ ስትል ከጫካው ጥግ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ከየጉድባው ይመጣሉ። ከበሩ በላይ የተጋደመ ግንድ ነበር፣ ቆጣቸው። አንድ በአንድ ይወጣሉ። እኔ እቆጥራለሁ። አንዷ ከጎደለች ሽለምጥማጥ በላት ማለት ነው፤ እኔ አለቅሳለሁ፣ አባዬ ይሳደባል፣ እማዬ እንደገና ኩር ኩር ትላለች። ከእነሱ ጋር በአንድ ጣሪያ እንተኛ ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም። ግንዱ የማን ማገዶ እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 7 ሰዓት ላይ።

ልብስ ልወስድ ቤት መጣሁ። መኖ፣ ውሃ፣ እንቁላል መልቀም፣ ሩጫ። እንክብሉንም ከፈትኩ። ዓርብ ነዋ። እጄ ለምዷል።

እንቁላሌን የሚረከበኝ ባለሱቁ ጋሽ ኑሪ በሩ ላይ አገኘኝ። እናትሽ እንዴት ናት ብሎ ዱዓ አደረገላት። ከወልቂጤ መጥቶ ቦንጋ የሸመገለ ሰው ነው፤ እማዬ አማርኛዋ ሲሰበር እሱ በተሰባበረ ካፊኖኖ ይመልስላታል፤ ሁለቱም ሳይግባቡ ተግባብተው ይለያያሉ። ብርቱካን ይዞላት ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ሆ/ል።

ውጤቱ መጣ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ፈቃዱ ወደ ላቦራቶሪው በር ጠራኝ። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፤ ከአንዱ በስተቀር አጠገባቸው ያለው ፊደል ተመሳሳይ ነው። ያ ፊደል ምንድን ነው አልኩ። ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል፣ አይሞትለትም ማለት ነው አለኝ። ጤና ጣቢያ የሰጣት፣ እዚህ የተወጋችው፣ ቴትራውም። አንድ መርፌ ነው የቀረው። ከጅማ ይመጣል።

ከዚያ ቤታችሁ ዶሮ አሁንም አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ። መድኃኒት ትሰጫቸዋለሽ ወይ አላለም፤ ምን ይሰጧቸዋል ነው ያለው። በኩራት ነገርኩት፣ አጀንዳዬ። እንደ ልማዴ፣ በስብሰባ እንደምለው። ረቡዕና ዓርብ፣ በባልዲ ይህን ያህል። እያወራሁ ፊቱን አየሁና ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

ትንሽ ትንሽ፣ ሳያቋርጡ፣ ለጤነኛ፣ አለ። ሰርዶን ታውቂያለሽ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ታውቂያለሽ ማለቱን አርሞ ያውቃሉ አለኝ። ሰርዶን ሥሩን ካልነቀሉ፣ ጫፉን ብቻ በየሳምንቱ ቢቆርጡት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። በዶሮዎቹ ሆድ ውስጥም እንዲሁ ነው። ደካማው ጀርም ይሞታል፣ መድኃኒቱን የቻለው ይቀራል፣ ይራባል፣ የቻለበትን ዘዴ ለሌሎቹም ያካፍላል። ዶሮዎቹ ጤነኛ መስለው ይኖራሉ። ኩሳቸው ውስጥ ግን ያ የተረፈው ነው ያለው።

ደሜ ፈላ። እናቴ በዕድሜዋ ዶሮ በልታ አታውቅም አልኩት። እንቁላልም አትነካም፣ ድስቷ ለብቻ ነው፤ ጠይቅ። የረታሁት መሰለኝ።

«እትዬ አስቴር፣ መብላት ግድ አይደለም» አለኝ። «የዶሮውን ቤት ማን ነው የሚጠርገው?»

መጥረጊያዋ ታየኝ። ጎመኑም ታየኝ፤ መዳፏም፤ ቀን ቀን ውሃ የማይመጣበት ቧንቧችንም። ከእርስዎ ዶሮዎች ነው ብዬ መማል አልችልም አለ፤ ሰውም ያለ ሐኪም እየዋጠ ነው፣ ከሌላም ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሊያጽናናኝ ነው። አልተጽናናሁም።

ሐኪሙ ደግሞ ስለ መርፌው ነገረኝ። ሊያድናት ይችላል። በእሷ ዕድሜ ግን ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ቢኖር ያን እሰጣት ነበር አለ። ፈረምኩ። ስሜን ስጽፍ በመዝገብ ቤት በቀን መቶ ጊዜ እንደምፈርመው ነበር የፈረምኩት፣ ፈጥኜ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ጠዋት፣ ቤት።

እጄ በራሱ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ክዳኑን ከፍቼ ነው ያወቅሁት። መልሼ ዘጋሁት። ንጹሕ ውሃ ቀዳሁላቸው። ሄደው ጠጡ፣ ምንም አልመሰላቸውም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እኔ ነኝ። ቆሜ ሳስተምር፣ ሲያጨበጭቡልኝ፣ እማዬ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ።

የማይወጣልኝ ነገር ደግሞ አለ። ሺሺንዳና ዋጫ ያሉት ሴቶች ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ እንክብሉን ከፍተዋል። አሁን፣ ይህን ስጽፍልሽ። ልጆቻቸው ከዶሮዎቹ መሃል ይድሃሉ። እኔ ነኝ ቀኑን የመረጥኩላቸው። እንዳይረሱት ብዬ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ምሳ ሰዓት።

ትኩሳቱ ትናንት ማታ ወረደ። ዛሬም አልተመለሰም። እግዚአብሔር ይመስገን። አጥሚት ጠጣች። ጨው የለውም አለች። ልትነጫነጭ ጀምራለች፣ ደስ አለኝ፣ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ዘነበች ሆ/ል ድረስ ልትጠይቃት መጣች። ጥሩ ሴት ናት፣ ሙዝ ይዛ። ነገርኳት። ለልምድ ልውውጡ አልሆንም፣ ያስተማርኩት ስህተት ነው አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ሪፖርቱ ተልኳል፤ መኪናው ተይዟል፤ ከዞንም ሰው ይመጣል። ስለ ቤቱ አሠራርና ስለ መኖው ብቻ ተናገሪ፣ የእንክብሉን ነገር ዝም በይው፣ ቀስ እያለ ይቀራል አለች። ደግሞ ማረጋገጫ የለሽም። የላቦራቶሪው ልጅ ራሱ አልምልም ብሏል። እውነቷን ነው፣ ማረጋገጫ የለኝም።

ሊጠይቃት ለመጣው ለጋሽ ኑሪም ነገርኩት። ይህን ካወራሽ የአንቺን እንቁላል ማን ይበላል አለ። እኔም ሱቅ አለኝ፣ ሰው ከእኔ ነው የገዛው። ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ። አስቴር፣ ልጆቼም የበሉት ያንቺን ነው አለኝና ሄደ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከሰዓት።

ተደግፋ ተቀመጠች። ጆሮዋ ውስጥ ንብ አለ ትለኛለች። እንደ ቀፎ። ለሐኪሙ ነገርኩ፤ መጠኑን ቀነሰ፤ ማቋረጥ ግን አንችልም አለ።

ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀችኝ። ፊቴ አሳበቀብኝ መሰለኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጆሮዋ ስለማይሰማ ጮክ ብዬ፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። እንክብሉን፣ ጀርሙን፣ ኩሱን፣ ሴቶቹን። ሞቅ ያለ ስድብ ጠበቅሁ። የፈንግሉን ዓመት ታስታውሻለሽ አለችኝ።

እንዴት እረሳለሁ። ከኛ ዶሮዎች አንዷ አንገቷን ጠመዘዘች፣ አረንጓዴ አስቀመጣት። አንዷ ብቻ ናት። አባዬ ዝም በይ፣ ነገ ገበያ ነው፣ ጤነኞቹን እንሽጥ አለ። ማንም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እማዬ የታመመችውን ቅርጫት ደፋችባት። ወለሉ ላይ አመድ በተነች። እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች፤ እኔንም ቆዳዬ እስኪላጥ። ከዚያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ በአጥሩ በር ላይ አሰረች። በኛ መንደር ትርጉሙን የማያውቅ የለም፦ እዚህ ቤት በሽታ ገብቷል፣ ዶሮሽን አታሳልፊ፣ ከዚህ አትግዢ።

ሁሉም አለቁ። ወሰራው አውራ ዶሮ፣ ዥግርማዋ፣ ጫጩቶቹ ሳይቀሩ። ቆጡ ባዶ ቀረ። እኔ ማታ ማታ ባዶውን ግንድ እቆጥር ነበር። ያን ዓመት ከእሷ የገዛ አልነበረም፤ ጎረቤትም ለምን ቶሎ አልነገርሽንም ያለ አለ፣ ለምን አወራሽው ያለም አለ። አባዬ ክረምቱን በሙሉ አኮረፈ። የጎረቤቶቻችን ዶሮዎች ግን ተረፉ። መስከረም ላይ አንዷ ጎረቤት ሦስት ጫጩት በቅርጫት አመጣችልን። ሳታናግረን አስቀምጣ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር የድሮው ሁሉ ማር አልነበረም። ዶሮዎቻችን ሁሉ በአንድ ሳምንት አልቀዋል። ዛሬ ለፈንግል ክትባት አለ፣ ያኔ አልነበረም። ግን ያችን ቅጠል ስታስር ያየሁት ጀርባዋ፣ ቀጥ ያለው፣ ናፈቀኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27። ቤት፣ 10 ሰዓት።

ወጣች። ድናለች። በእግሯ ነው የገባችው።

ጆሮዋ አልተመለሰም። ሐኪሙ ምናልባት ትንሽ ይሻሻል ይሆናል አለ፤ ምናልባት ሲል ወደ ወረቀቱ እያየ ነበር። ከፊት ለፊቷ ቆሜ ስናገር ከከንፈሬ ትንሽ ትይዛለች። እሷ ስትናገር ግን ድምፅዋ ከፍ ብሏል፣ ጎረቤት ይሰማል። ድሮ ሹክሹክታ የምትወድ ሴት።

የዶሮውን ቤት በር አሰርኩት። መጥረጊያውን ደበቅሁባት። እኔ በላስቲክ ጫማ፣ በጓንት። ጎመኑ ሥር አዲስ ኩስ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ጉድጓድ አስቆፍሬ እዚያ እከምረዋለሁ። ሳሙና ከበርሜል ውሃ ጋር በሩ ላይ። ፈቃዱና የከተማው የእንስሳት ሐኪም ያሉኝን ነው። አብዛኛው እማዬ በአመድ ታደርግ የነበረው ነው። ያኔ አፍሬባት ነበር፣ ጓደኞቼ ሲመጡ እጃቸውን ታጠቡ ስትል።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት።

አምስት ዶሮዎች ታመሙብኝ። ክንፋቸውን ጥለዋል፣ ተቅማጥ። አንዷ ሞተች። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ዛሬ ሁለቴ አየሁት። ሁለቱንም ጊዜ ሰበብ አላጣሁም። ለታመሙት ብቻ፣ ለአንድ ቀን ብቻ።

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራሁት። የሚያስፈልግ ከሆነ እኔ አይቼ፣ ለይቼ፣ በልኩ እስከ መጨረሻው እንሰጣለን፤ ለጤነኞቹ ግን ጠብታ እንዳይነካቸው፤ የምንሰጣቸውም ከሆነ እንቁላላቸው እስከምልሽ ቀን አይሸጥም አለ። አምስቱ አሁን አራት ናቸው። ቅርጫት ደፋሁባቸው። እማዬ ከመስኮት አየችኝና ጮክ ብላ «አራርቂያቸው!» አለች። ባጃጅ የሚጠብቀው ሰውዬ ሳይቀር ዞር ብሎ አየ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

ቀኑ ደረሰ። ዘነበች ሆን ብላ ነው ረቡዕን የመረጠችው፤ እንክብሉ ሲከፈት ሴቶቹ በዓይናቸው እንዲያዩ። ያኔ እኔም ደግ አደረግሽ ብያት ነበር።

ማለዳ እማዬን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ፊቷን ወደ ዶሮዎቹ ቤት አዙራ ቆየች። እነሱ እንቁላል ጥለው ግቢውን አናግተውታል፣ አውራው ሦስት ጊዜ ጮኋል። «አስቴር» አለችኝ፣ «ዛሬ ዶሮዎችሽ ምነው ዝም አሉ? ሁሉም ሞቱ እንዴ?»

ደህና ናቸው አልኩ በከንፈሬ። ኩር ኩር አለች፣ ድምፅዋን ሳትሰማው። እነሱ ሰምተው ወደ ሽቦው መጡ፣ ተደረደሩ። ያንን አይታ ፈገግ አለች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ አጀንዳዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት።

ከዚያ ከጓሮ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩ። አቧራው ሞላኝ። የግቢው በር ቆርቆሮ ነው፣ ማሰሪያ የለውም፤ በሽቦ አሰርኩት። ባጃጅ ነጂዎቹ አዩኝ፤ የከተማ ልጆች ናቸው፣ ትርጉሙን አያውቁም። የሺሺንዳ ሴቶች ግን ያውቁታል። የዋጫም። እንክብሎቹን ከነቆርቆሮው አውጥቼ በግቢው መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ለዛሬ አዘጋጅቼው የነበረው ንግግር ኪሴ ነበር፤ እሱንም ከሥሩ አደረግኩት። እማዬን ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጥኳት። እንደ ምስክር አይደለም። ብቻዋን እንዳትሆን።

ጋሽ ኑሪ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ቅጠሉን ያያል። ትርጉሙን ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። አልከለከለኝም። ወደ ውስጥም አልገባም።

እማዬ ቅጠሉን አሁን አየችው። ከዚያ በዚያ በማትሰማው ድምፅዋ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ «በማን ቤት ገባ?» አለች።

በእኛ አልኳት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እንድታየኝ።

ሚኒባስ ቆመ። ዘነበች ቀድማ ወረደች፣ ቅጠሉን አይታ ቆመች። ከኋላዋ የሚወርዱት ሴቶችም እየቆሙ ነው፤ አንዷ ያዘለችውን ልጅ ወደ ፊት አዙራ አቀፈችው። ማንም ወደ በሩ አልተጠጋም። ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚደረገው። እኔ ነኝ ወደ እነሱ መውጣት ያለብኝ። ልውጣ፣ መጀመሪያ የምነግራቸው የዛሬን እንክብል እንዳይከፍቱ ነው።